ሦስተኛው ጠርሙስ

አቃቂ፣ ከድልድዩ በታች፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት፤
ቦቲ ጫማዬ ያፈሳል፣ ብርዱ ገብቷል ጉልበት።
ወንዙ ዛሬ ቀይ ለብሷል፤
ትናንት ሰማያዊ ነበር፤ የሚነክረው ያውቃል።

አንዱን ጠርሙስ ሞላሁ፣ ቀንና ሰዓት ጻፍኩበት፤
ሁለተኛውን ከቆዳ ፋብሪካው ቦይ አፍ ቀዳሁት።
ሦስተኛው ባዶ ነው።
ክዳን ጠፍቶ አይደለም፤ ቤተ ሙከራው ለአንድ ናሙና የሚጠይቀው
የወር አበሌን ግማሽ ነው።

ጋሽ ደገፋ ከቆስጣው ዳር ቆመው ያዩኛል፤
«አንተ የጠርሙሱ ልጅ፣ ይሄ ትምህርትህ መቼ ያልቃል?»
«ገንዘቡ ሲገኝ» እላለሁ።
«ገንዘቡስ?» ይላሉ።
«ትምህርቱ ሲያልቅ» ብዬ እስቃለሁ፤
እሳቸው አይስቁም፤ ጭቃውን ከመቆፈሪያቸው ይጠርጋሉ።

ማታ፣ ቂሊንጦ፣ አራተኛ ፎቅ፣
መብራት መጣ ስል ኔትወርኩ ሲርቅ፣
የድጎማ ማመልከቻ እሞላለሁ።
«የጥናቱ ፋይዳ፣ ከሦስት መቶ ቃል ሳይበልጥ።»
ወንዝ በቃል ባይቆጠርም፣ ቆራርጬ አሳጠርኩት፤
አንዱን ገባር ሰረዝኩት፤
ክረምቱን በነጠላ ሰረዝ፣ ዝቃጩን በአራት ነጥብ ዘጋሁት።

ቀጥሎ «ዕድሜ» የሚል ሳጥን፤ ቁጥሬን ስሞላው ይቀላል፤
ከሠላሳ አምስት ላለፈ መንገዱ እዚህ ያበቃል።
እኔ ሠላሳ ሰባት ነኝ።
ሁለቱ ዓመት የድጋፍ ደብዳቤ ስጠብቅ ነው ያለፈኝ።

ከባሕር ማዶ መልስ ይመጣል፤ አፉ ማር ነው፤
«ብዙ ብርቱ እጩዎች ስለነበሩ…» ገብቶኛል ቀሪው።
ሌላው ደግሞ፣ «ርዕስዎ ግሩም ነው፤ ዘንድሮ ግን በጀቱ ለደን ነው።»
እንግዲህ ወንዙን ዛፍ ነው ብዬ ልማልለት?
አማካሪዬ አሰቡና፣
«ዳሩ ላይ ባሕር ዛፍ የለም? እሱን ጨምርበት» አሉኝ፣ ከልባቸው።

አንድ ቀን ከፋብሪካው ሰው መጣ፣
ወፍራም ፖስታ ከኮቱ ኪስ እያወጣ፤
«ሙሉውን እንሸፍናለን፤ ቤተ ሙከራውንም፣ መኪናውንም፣ ኅትመቱንም፤
አንድ ነገር ብቻ፣ ውጤቱን እኛ ሳናይ ማንም አያይም።»
ያን ሌሊት አልተኛሁም።
ምን ያዋሸኛል፣ እምቢ ያልኩት ወዲያው አይደለም።
የሁለት ወር የቤት ኪራይ ነበረብኝ።
«አይሆንም» የሚለው ቃል በሦስተኛው ቀን ነው የወጣኝ፣
እሱም በስልክ መልእክት፤ ድምፄን አላመንኩትም።

እሑድ፣ የአትክልተኞቹ እቁብ። ውሃ መሳቢያው ሞተር ጎን ተሰብስበዋል፤
ዕጣው ለእማማ ሽታዬ ወጥቷል።
ጣሪያ ሊቀይሩበት ነበር፤ ቆርቆሮው ወንፊት ነው።
ቆጠሩ፤ ግማሹን ለዩ፤ «ይሄ የጠርሙሱ ነው።
ልጄ ገላዋን ታካለች፤ ሐኪሙ ‹ውሃ ቀይሩ› ይላል፤ ከየት?
ከምን እንደሆነ ልወቅ። እስቲ ፈልግበት።»

«እማማ፣» አልኩ፣ «መርዝ ከተገኘ
ማን ይገዛዎታል? በገዛ ብርዎ ማጭድ ነው የሚገዙልኝ፤
መጀመሪያ የሚታጨደው የእርስዎ ቆስጣ ነው።»
ዝም አሉ። ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ጠፋ።
መለሱልኝ፣ እሳቸው ሳይሆኑ፣ ጋሽ ደገፋ፤
«ሰው ከሚታጨድ ቆስጣ ቢታጨድ አይሻልም ወይ?»

ሦስተኛው ጠርሙስ ሞላ።
ዛሬ ላስረክብ ስሄድ፣ «የገንዘብ ምንጭ» ይላል ቅጹ፤
መንግሥት፣ ለጋሽ ድርጅት፣ የግል ኩባንያ፤ እቁብ የለበትም ውስጡ።
«ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

ውጤቱ በሃያ አንድ ቀን ይደርሳል።
እማማ ሽታዬ ስለያቸው አንድ እስር ቆስጣ አሸክመውኛል፤
ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከማመልከቻዎቼ አጠገብ ተቀምጧል።
አልቀቀልኩት፣ አልጣልኩት።
ቆስጣ ሃያ አንድ ቀን አይቆይም።